ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና በፊት ላሉት የፈሳሽ ሳምንታት የትኛው ፕሮቲን ሼክ ይሻላል?

ለክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና ቀን የተቆረጠለት ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ «ከቀዶ ጥገናው በፊት ለ2 ሳምንት ፈሳሽ ብቻ፤ ፕሮቲን ሼክ ይጠቀሙ» ይልና እዚያው ላይ ያበቃል። ሱቅ ሲገባ ግን ሼክ የሚባለው፣ ማለትም ፕሮቲን የበዛበት ተመቶ የሚጠጣ መጠጥ፣ ስፍር ቁጥር የለውም። ጣሳ አለ፣ ጠርሙስ አለ፣ በፓኬት የተመጠነ ዱቄት አለ፤ ሁሉም በትልቁ «ከፍተኛ ፕሮቲን» ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ለዚህ ሥራ የሚሆኑት ጥቂቶቹ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ዝግጅቱን ጭራሽ ያበላሹታል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። መሠረቱ ቫይታሚንና ማዕድን የተሟላለት የምግብ ምትክ ፓኬት ይሁን። ከቤት ለሚወጡበት ሰዓት ጥቂት የተዘጋጁ ጠርሙሶች ይያዙ። ጣፋጭ ነገር ሲያንገሸግሽዎት መረቅ ውስጥ የሚገባ፣ ጣዕም የሌለው ዌይ ፕሮቲን (ከወተት የሚወጣ የፕሮቲን ዱቄት) አንድ ጣሳ ይኑርዎት። ኮላጅን (ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ፕሮቲን) እና «ማስ ጌነር» የሚባሉት የክብደት መጨመሪያ ዱቄቶች ግን እዚያው መደርደሪያው ላይ ይቅሩ።

ምርጫው ለምን እንዲህ እንደሆነ ለመረዳት ጉበትን ማየት ያስፈልጋል። የጉበት የግራ ክንፍ የጨጓራን የላይኛውን ክፍል ሸፍኖ ይቀመጣል። በላፓሮስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ) ስሊቭ የሚባለውን ጨጓራን ቆርጦ የማሳነስ ወይም ባይፓስ የሚባለውን ምግብ የሚያልፍበትን መንገድ የመለወጥ ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሐኪም ያንን ክንፍ በብረት መሣሪያ አንስቶ ካላስቀመጠ ጨጓራና የምግብ ቧንቧ የሚገናኙበትን ቦታ አያየውም። ስብ የሞላው ጉበት ደግሞ ትልቅና ከባድ ነው፤ ሲነሳ በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ ይደማል። አንዳንዴ ሐኪሙ ቀዶ ጥገናውን ሳይሠራ ለመዝጋት፣ ወይም ሆዱን በሰፊው ለመክፈት ይገደዳል። ካርቦሃይድሬትና ካሎሪ በብርቱ ሲቀነስ ጉበት መጀመሪያ ያከማቸውን ግላይኮጅን የሚባል ስኳር ይጠቀማል። ይህ ወደ 100 ግራም ገደማ ሲሆን እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ በጉበት ውስጥ ያለው ስብ ይቀንሳል። አብዛኛው ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ስለሆነ ነው ብዙ ሐኪሞች ይህን ያህል ጊዜ የሚያዙት። ጉበታቸው በጣም ለገዘፈ ታካሚዎች ከዚያ የበለጠ ሊታዘዝ ይችላል።

እንግዲህ ምርቱን የምንመዝነው በዚህ ነው። ፈሳሽ መሆኑ ብቻውን ጉበትን አያሳንስም። የፍራፍሬ ጭማቂም ፈሳሽ ነው፤ አይስክሬም የገባበት ሚልክሼክም ፈሳሽ ነው። ሥራውን የሚሠራው የካርቦሃይድሬቱና የካሎሪው ማነስ ነው፤ ፕሮቲኑ ያስፈለገው ደግሞ ሰውነት ጡንቻውን እንዳይበላ ነው። በቀን ከ800 እስከ 1200 ካሎሪ፣ አንዳንዴም ከ800 በታች፣ ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን፣ ብዙ ጊዜም ከ100 ግራም ያልበለጠ ካርቦሃይድሬት የተለመደው ክልል ነው። የእርስዎ ሐኪም ሌላ ቁጥር ከሰጠዎት የእርሱ ቁጥር ይበልጣል።

ለአንድ ጊዜ መጠጫ መለያው ላይ የሚፈለገው ከ150 እስከ 200 ካሎሪ፣ ከ5 ግራም ያልበለጠ ስኳር፣ ቢያንስ 14 ግራም ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ 14 አካባቢ ከሆነ በቀን አምስት ጊዜ፣ 30 አካባቢ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይጠጣል። የተሟላ የምግብ ምትክ ከሆነ ስኳሩ ትንሽ ከፍ ማለቱ አያስደነግጥ፤ የቀኑ ድምር ነው የሚታየው። አንድ ወጥመድ ግን አለ፦ በብዙ አገሮች መለያ ላይ ጉልበቱ በኪሎ ጁልም በካሎሪም ይጻፋል። 670 የሚል ቁጥር አይተው የሚደነግጡ አሉ፤ 670 ኪሎ ጁል ማለት 160 ካሎሪ ነው። በ4.2 ያካፍሉት።

የምግብ ምትክ ፓኬቶች

በዚህ ዘርፍ ስሙ የታወቀው የኔስሌ ኦፕቲፋስት ነው። «ኦፕቲፋስት 800» የሚባለው ዓይነት በአንድ መጠጫ 160 ካሎሪና 14 ግራም ፕሮቲን አለው። አምስቱ ተጠጥተው 800 ካሎሪና 70 ግራም ፕሮቲን ይሞላሉ፤ የስሙ ቁጥርም የመጣው ከዚሁ ነው። በሌሎች አገሮች «ቪ ኤል ሲ ዲ» (በጣም ዝቅተኛ ካሎሪ ያለው አመጋገብ) ተብሎ የሚሸጠው ደግሞ በአንድ ፓኬት 200 ካሎሪ ገደማ ስላለው በቀን ሦስት ይወሰድና የተወሰነ አትክልት ይታከልበታል። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው። የሦስቱን ዓይነት አምስት የጠጣ ሰው 1000 ካሎሪ ይገባበታል፤ የአምስቱን ዓይነት ሦስት ብቻ የጠጣ ደግሞ 42 ግራም ፕሮቲን ብቻ አግኝቶ ይዝላል። ስሙን ሳይሆን የኋላውን ሠንጠረዥ ያንብቡ።

የዚህ ምርት ትልቁ ብልጫ ብዙ ማሰብ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። ቫይታሚኑ፣ ብረቱ፣ ፖታሲየሙ፣ አስፈላጊው ስብ ሁሉ ተመጥኖ ገብቷል። ስቡን በጉድለት የሚቆጥሩ ገዢዎች አሉ፤ አይደለም። ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ የሐሞት ጠጠር የመፈጠር ዕድል ይጨምራል፤ ሐሞት ከረጢት ተጨምቆ እንዲፈስ ደግሞ ምግቡ ውስጥ የተወሰነ ስብ መኖር አለበት። ዜሮ ስብ ያለው ዱቄት ለብቻው ለሳምንታት ሲጠጣ የሚጎድለው አንዱ ይህ ነው።

ጉድለቱ ጣፋጭነቱና ወፍራምነቱ ነው። ብዙ ሰዎች «ልጠጣው አልቻልኩም» የሚሉት ግን ብዙ ጊዜ አደባለቁ ላይ ስለሚሳሳቱ ነው። ዱቄቱ መጀመሪያ ከገባ ውሃው ላዩን ብቻ አርሶት ሥሩ ደረቅ እንደሆነ ይጓጉላል። ስለዚህ መጀመሪያ በፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ያህል በጣም ቀዝቃዛ ውሃ፣ ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 240 ሚሊ ሊትር፣ ሼከር (ክዳን ያለው የመምቻ ጠርሙስ) ውስጥ ይጨምሩ፤ ከዚያ አብራው የምትመጣውን የሽቦ ኳስ ይክተቱ፤ ዱቄቱን በመጨረሻ ይነስንሱ። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በኃይል ይምቱት። ከዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ። ይህችን መጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል፤ አረፋው የሚወርደውና የዱቄቱ ቅንጣት ውሃ ጠጥቶ የሚለሰልሰው በዚህ ጊዜ ነው። አረፋውን እንዳለ የጠጣ ሰው አየር ስለሚውጥ ሆዱ ይነፋል፣ ያገሳዋል፣ ጥፋቱንም በምርቱ ላይ ያደርጋል። በብሌንደር ከበረዶ ጋር መፍጨት መጠኑን ያበዛዋል፣ ለዓይንም ይሞላል፤ ግን አየሩም አብሮ ስለሚበዛ ሆዱ ለሚነፋ ሰው አይመከርም።

ጣፋጭነቱ ከበዛብዎት ውሃውን 50 ሚሊ ሊትር ይጨምሩ። ቅዝቃዜም የጣፋጭ ስሜትን ስለሚያደበዝዝ በበረዶ ይጠጡት። የቫኒላው ዓይነት ላይ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ስኳር የሌለው የሚሟሟ ቡና፣ የቸኮላቱ ላይ ቁንጢት ቀረፋ ጣዕሙን ይለውጡታል፣ ካሎሪም አይጨምሩም ለማለት ይቻላል። በወተት ማደባለቅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። 250 ሚሊ ሊትር ስብ የወጣለት ወተት 85 ካሎሪ ገደማና 12 ግራም ያህል የወተት ስኳር አለው። አምስቱንም በወተት የመታ ሰው በቀን ከ400 ካሎሪ በላይና 60 ግራም ያህል ስኳር ሳያስበው ይጨምራል። መለያው ላይ ያለው ቁጥር ለዱቄቱ ብቻ ይሁን በወተት ለተዘጋጀው ማየት የሚገባውም ለዚህ ነው። አንዳንድ ሆስፒታሎች ራሱን የቻለ የወተት ፕሮግራም ይሰጣሉ፤ በዚያ ላይ ያለ ሰው ወተቱ ተቆጥሮለታል፣ ሼኩን ግን በላዩ አይጨምርበትም።

የተዘጋጁ ጠርሙሶች

ፕሪሚየር ፕሮቲን በ325 ሚሊ ሊትር 160 ካሎሪ፣ 30 ግራም ፕሮቲንና 1 ግራም ስኳር ይዟል። ኢንሹር ማክስ ፕሮቲን በ330 ሚሊ ሊትር 150 ካሎሪ፣ ያው 30 ግራም ፕሮቲንና 1 ግራም ስኳር አለው። በቁጥር ሲታዩ ልዩነታቸው ከቁም ነገር አይገባም፤ የሚለያዩት በጣዕምና በወፍራምነት ነው። ሁለቱም ከወተት ፕሮቲን የተሠሩ ስለሆኑ ኬዚን የሚባለው የፕሮቲን ዓይነት በብዛት አላቸው፤ ኬዚን ደግሞ ጨጓራ ውስጥ ዘግይቶ ስለሚፈጭ ረሃብን ለረዥም ሰዓት ያስታግሳል። ከዚህ አንጻር ከሚሟሟው ዌይ ዱቄት ይበልጣሉ።

ስሙ ግን ያሳስታል። ዝም ብሎ «ኢንሹር» የተባለው ምርት ሌላ ነው። እርሱ ምግብ ላነሳቸውና ክብደት ለከሱ ሰዎች የተሠራ ስለሆነ በአንድ ጠርሙስ 220 ካሎሪና 9 ግራም ፕሮቲን ብቻ አለው፤ የቀረው በአብዛኛው ካርቦሃይድሬት ነው። ለዚህ ዝግጅት አይሆንም። ዘመድ ተልኮ ሲገዛ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን ይኸው ነውና «ማክስ ፕሮቲን» የሚለውን ጽፈው ይስጡ። ሌላው መታየት ያለበት የቡና ጣዕም ያላቸው ዓይነቶች ካፌይን ሊኖራቸው መቻሉ ነው፤ ማታ የጠጣው እንቅልፍ ያጣል።

ጠርሙስን ብቻውን የ2 ሳምንት ቀለብ ማድረግስ? ይቻላል፣ ብዙዎች ያደርጉታል። ሦስት ጠርሙስ ከ450 እስከ 480 ካሎሪና 90 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ግን ስቡ በአንድ ጠርሙስ ከ3 ግራም ገደማ አይበልጥም፣ ቫይታሚኑም ሙሉ ቀን ይሞላል ተብሎ የተመጠነ አይደለም። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሐኪሙ ያዘዘለትን መልቲቫይታሚን መውሰድ አለበት፣ የጎደለውን ካሎሪም በተጣራ ሾርባና በስኳር አልባ እርጎ መሙላት ይችል እንደሆነ ይጠይቅ። ጠርሙሱ ከመከፈቱ በፊት በደንብ ይመታ፤ ካልሲየሙና ኮኮዋው ሥር ስለሚዘቅጡ መጨረሻው ጉንጭ አሸዋ አሸዋ ይላል። ከተከፈተ በኋላ በማቀዝቀዣ ይቀመጥ እንጂ መኪና ውስጥ አይዋል።

የዌይ ጣሳ

እዚህ ላይ ገዢው ገንዘቡንም ዝግጅቱንም የሚያጣበት ዕድል ከሁሉም ይበልጣል። ዌይ ኮንሰንትሬትና ዌይ አይሶሌት የሚባሉ ሁለት ደረጃዎች አሉ። አይሶሌቱ ከ100 ግራም 90 ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ የወተት ስኳሩም አልቋል ማለት ይቻላል። ኮንሰንትሬቱ 80 ገደማ ሲሆን የቀረው የወተት ስኳርና ስብ ነው። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው አይሶሌት ይግዛ። መለያው «የፕሮቲን ድብልቅ» ብሎ ከዘረዘረ በመጀመሪያ የተጻፈው በብዛት የገባው ስለሆነ እርሱን ይመልከቱ።

«ማስ ጌነር» የሚባለው ጣሳ ደግሞ ክብደት ለመጨመር የተሠራ ነው። 50 ግራም ፕሮቲን ብሎ ፊቱ ላይ ሊጽፍ ይችላል፤ ከኋላው ግን የአንድ ጊዜ መጠኑ ከ1000 ካሎሪ የሚበልጥ ዓይነት አለ። አንድ ቀን ሙሉ የተፈቀደውን በአንድ ብርጭቆ ጨረሱት ማለት ነው። የአንድ ጊዜ መጠን የሚለውን መስመር ሳያነቡ አይግዙ፤ አንዳንዱ አንድ ማንኪያ፣ አንዳንዱ ሁለት ማንኪያ ብሎ ይቆጥራል።

ጣሳው ውስጥ ያለችው የፕላስቲክ መለኪያም አትታመንም። ዱቄቱ ከጣሳው ሥር ጠብቆ፣ ከላይ ደግሞ ልል ሆኖ ስለሚቀመጥ ሙሉ ማንኪያው አንዴ 25፣ አንዴ 35 ግራም ሊመዝን ይችላል። የወጥ ቤት ሚዛን ካለ ባዶ ብርጭቆውን አስቀምጠው ዜሮ ያድርጉትና በግራም ይለኩ።

ጣዕም የሌለው አይሶሌት ዋነኛ ጥቅሙ ጣፋጭ ያልሆነ ነገር መስጠቱ ነው። ለ2 ሳምንት ቫኒላና ቸኮላት ብቻ የሚጠጣ ሰው በአምስተኛው፣ በስድስተኛው ቀን ጨው ጨው የሚል ነገር ያምረዋል፤ ፕሮግራሙን የሚያፈርሰውም ከረሃቡ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይህ አምሮት ነው። ዱቄቱን የሚፈላ መረቅ ውስጥ መጨመር ግን አይሆንም፤ እንቁላል እንደፈሰሰበት ወዲያው ይጓጉላል። ዌይ ሙቀት ሲበዛበት ይረጋልና። በትክክል የሚሠራው እንዲህ ነው፦ አንድ መጠን ዱቄት ከ60 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጋር እስኪለሰልስ ይምቱ፤ መረቁን ካፈሉ በኋላ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እስኪወርድ ይጠብቁ፤ ከዚያ የተመታውን እያማሰሉ በቀጭኑ ያፍስሱ። ከዚህ በኋላ መልሶ ማሞቅ የለም። መረቁ ስቡ የተገፈፈ ይሁን፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ስቡ ላዩ ላይ ስለሚረጋ በማንኪያ ማንሳት ይቻላል።

ከዕፅዋት ፕሮቲን ለሚፈልጉ፣ የአኩሪ አተር አይሶሌት የተሟላ ፕሮቲን ነው። ከተራው አተር የሚሠራው ግን አፈር አፈር የሚል ጣዕም አለው፣ ቶሎም ይዘቅጣል፤ በቸኮላት ጣዕም ካልሆነ አይደፈርም።

ኮላጅን በዚህ ሁሉ መካከል በጣም የሚያሳስት ምርት ነው። ቀላል ነው፣ ቡና ውስጥ ሳይታወቅ ይሟሟል፣ መለያውም በኩራት 20 ግራም ፕሮቲን ይላል። ግን ትሪፕቶፋን የሚባለው አስፈላጊ አሚኖ አሲድ የለውም፤ በፕሮቲን ጥራት መለኪያ የሚያገኘው ነጥብ ዜሮ ነው። «የአጥንት መረቅ ፕሮቲን» ተብሎ በዱቄት የሚሸጠውም በአብዛኛው ይኸው ነው። በቀን ድምር ውስጥ አይቁጠሩት። ጄሎም (ከጄላቲን የሚሠራው የሚንቀጠቀጥ ጣፋጭ) እንዲሁ፣ ስኳር ካልገባበት አፍ ለማሳሳቻ ጥሩ ነው፣ ፕሮቲን ተብሎ ግን አይቆጠርም።

ሦስተኛው ቀንና የሚከተለው

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ያለው ጊዜ ከባዱ ነው። ግላይኮጅኑ አልቆ ሰውነት ወደ ስብ ማቃጠል የሚዞርበት ስለሆነ ራስ ምታት፣ ብስጭት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የአፍ ጠረን መለወጥ ይመጣሉ። ብዙው ራስ ምታት ከሦስት ነገር ነው፦ ከውሃ ማነስ፣ ከጨው ማነስ፣ ወይም ቡና በድንገት ከመቆሙ። ቡና የሚከለክል ሐኪም ካለ ከፕሮግራሙ በፊት ባለው ሳምንት ቀስ በቀስ ይቀንሱት እንጂ ሁለቱን በአንድ ቀን አይጀምሩ። ካርቦሃይድሬት ሲቀንስ ኩላሊት ጨውና ውሃ አብዝቶ ያስወጣል፤ በቀን አንድ ወይም ሁለት ኩባያ ጨው ያለው የተጣራ መረቅ ብዙ ጊዜ በሰዓት ውስጥ ልዩነቱን ያሳያል። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ግን ጨውም ውሃም የሚጨምረው ሐኪሙን ጠይቆ ብቻ ነው። ለሌላው ሰው ከሼኩ ውጭ 2 ሊትር ያህል ውሃና ስኳር አልባ መጠጥ በቀን ይበቃዋል። ጋዝ ያለው መጠጥና አልኮል ከዝርዝሩ ይወጣሉ።

ሼኩን በየ3 ሰዓቱ ይከፋፍሉት፣ እያንዳንዱንም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያጣጥሙት። ጠዋት አንዱን ዘልዬ ማታ ሁለት እጠጣለሁ ማለት አያዋጣም፤ ማታ ላይ የሚመጣውን ረሃብ ምንም አያቆመውም።

ሆድ ድርቀት ሊጠበቅ ይገባል፤ ፋይበር የሌለው ፈሳሽ የሚያስወጣው ቆሻሻ ትንሽ ነውና ሁለት ሦስት ቀን አለመውጣት ብቻውን ችግር አይደለም። ጠንካራ ሆኖ ካስቸገረ ሐኪሙ ሲሊየም የሚባለውን ፋይበር ወይም ማክሮጎል የሚባለውን ማለስለሻ ሊፈቅድ ይችላል። ሲሊየም ከሙሉ ብርጭቆ ውሃ ጋር ካልተወሰደ ድርቀቱን ያባብሰዋል። ተቃራኒው፣ ተቅማጥና የሆድ ጩኸት፣ ሲመጣ መለያው ላይ ማልቲቶል ወይም ሶርቢቶል የሚባሉት ማጣፈጫዎች፣ ወይም ኢኑሊን መኖሩን ይፈልጉ። ኢኑሊን «የቺኮሪ ሥር ፋይበር» ተብሎም ይጻፋል፤ በአንድ ጠርሙስ የማይታወቅ ሰው በሦስተኛው ያውቀዋል። ምርቱን መለወጥ ብቻ ይፈታዋል።

ሼከሩ ይሸታል የሚለው ቅሬታም ከአስተጣጠብ ነው። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅለቅ፣ ከዚያ በሙቅና በሳሙና። ሙቁ ከቀደመ ፕሮቲኑን ክዳኑ ስንጥቅ ውስጥ ያረጋዋል። የተመታ ሼክ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ፤ ማቀዝቀዣ ውስጥም ከ24 ሰዓት አይለፍ።

አንድ ቀን ጠንካራ ምግብ የበላ ሰው ቀዶ ጥገናው ተሰረዘ ብሎ ቀሪውን መተው የለበትም። ወደሚቀጥለው ሼክ ይመለስ፣ ለሕክምና ቡድኑም ይንገር። የሚጎዳው መደበቁ ነው፤ ጉበቱ ሆዱ ሲከፈት መታየቱ አይቀርም።

መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ

ይህን ክፍል ከምርቱ በላይ ያስቡበት። ለስኳር በሽታ ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድና ግሊሜፒራይድ ያሉ ክኒኖችን የሚወስድ ሰው ካርቦሃይድሬቱ ተቀንሶ መድኃኒቱ በነበረበት ከቀጠለ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል። መጠኑ መስተካከል ያለበት ፕሮግራሙ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር፣ በሌላው አቆጣጠር ከ3.9 ሚሊ ሞል በሊትር በታች ከወረደ፣ 15 ግራም ስኳር ወዲያው ይወሰዳል፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና ይለካል። ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ወይም ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይሆናል። «ፕሮግራሜን አፈርሳለሁ» ብሎ ስኳር አልባ ሼክ የሚጠጣ ሰው አደጋ ላይ ነው፤ ሼኩ የወረደን ስኳር በቶሎ አያነሳም።

ዳፓግሊፍሎዚን፣ ኢምፓግሊፍሎዚን፣ ካናግሊፍሎዚን የሚባሉት የስኳር በሽታ ክኒኖች የባሰ ጥንቃቄ ይሻሉ። ከቀዶ ጥገና በፊት ቢያንስ 3 ቀን፣ ኤርቱግሊፍሎዚን ደግሞ 4 ቀን እንዲቆሙ ተጽፏል፤ ካርቦሃይድሬት በጣም ለቀነሰ ሰው ግን ብዙ ሐኪሞች ፈሳሹ ከሚጀመርበት ቀን ያቆሟቸዋል። ምክንያቱ ስኳሩ ሲለካ ደኅና መስሎ ደሙ አሲድ የሚሆንበት ሁኔታ መኖሩ ነው። እነዚህን የሚወስድ ሰው ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠትና ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ከታየበት «የሼኩ ነው» ብሎ ቤት አይቀመጥ።

ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን ለሚወስድ፣ የተሟላው ፓኬት ቫይታሚን ኬ አለውና የደም መርጋት ምርመራው ቀረብ ቀረብ ብሎ ይደረግ። የታይሮይድ ክኒን ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ ይወሰድ፤ አኩሪ አተርና ካልሲየም የገባበት ሼክ መምጠጡን ይቀንሳልና 4 ሰዓት ማራቅ የተሻለ ነው። ሽንት የሚያሸኑ የግፊት መድኃኒቶች ከውሃ መቀነሱ ጋር ተዳምረው ሲነሱ ያዞራሉ፤ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን ሊትየም የሚወስድ ደግሞ ሰውነቱ ውሃና ጨው ሲያጣ መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይከማቻል። ሪህ ያለበትም በእነዚህ ቀናት ሊነሳበት ስለሚችል አስቀድሞ ይጠይቅ።

የመጨረሻው ቀንና የሚተርፈው ፓኬት

ብዙ ሆስፒታሎች በመጨረሻው ቀን ብርሃን የሚያሳልፍ ፈሳሽ ብቻ ይፈቅዳሉ፦ ውሃ፣ የተጣራ መረቅ፣ ወተት ያልገባበት ሻይ፣ ስኳር አልባ ጄሎ። ማንኛውም ወተት መልክ ያለው ሼክ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ማደንዘዣ በሚሰጥበት ሰዓት ከጨጓራ ወደ ሳንባ ከገባ አደገኛ ነውና። የተለመደው ደንብ ለወተትና ለወተት ነክ 6 ሰዓት፣ ብርሃን ለሚያሳልፍ ፈሳሽ 2 ሰዓት ነው፤ ለእርስዎ የተሰጠዎት ሰዓት ከዚህ ከረዘመ የተሰጠዎትን ይጠብቁ። የክብደት ወይም የስኳር መርፌ፣ እንደ ሴማግሉታይድ ያለ፣ የሚወስድ ሰው ጨጓራው ቀስ ብሎ ስለሚያፈስ ለማደንዘዣ ሐኪሙ አስቀድሞ ይናገር። ለዚህ ቀን ዌይ አይሶሌት የገባባቸው ብርሃን የሚያሳልፉ የፕሮቲን መጠጦች ይሸጣሉ። ኮምጠጥ ይላሉ፣ አፍንም ያደርቃሉ፤ ቀዝቅዘው ቀስ እየተባሉ ሲጠጡ ይቻላሉ። ሆስፒታሉ መፍቀዱን ግን ያረጋግጡ፤ ቀለም ያላቸውን፣ በተለይ ቀዩን፣ የሚከለክሉ አሉ።

በቀን አምስት ለ14 ቀን 70 ፓኬት ነው፤ ሰባውንም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ጣዕም መግዛት ግን አይመከርም። መጀመሪያ ለሦስት ቀን የሚሆን በሦስት ጣዕም ይግዙ፤ ሊጠጡት የሚችሉት ሲታወቅ ቀሪውን ይጨምሩ። ለቀዶ ጥገናው ማግሥት ብሎ ካርቶን ማከማቸትም ብዙ ጊዜ ኪሳራ ነው፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጣዕም ይለወጣል፣ ቀድሞ የተወደደው ቫኒላ ሽታው ራሱ ሊያቅለሸልሽ ይችላል። ያልተከፈተውን ፓኬት ማብቂያ ቀኑን አይተው ያስቀምጡት፤ ሐኪሙ ወፈር ያለ ፈሳሽ ሲፈቅድ በብዙ ውሃ ቀጥኖ በትንንሽ ጉንጭ ይሞከራል።